ቲቸራችን ማታ ማታ በአማርኛ ይቆጥራሉ፦ የጂን ውጤታቸውን እንዴት እንየው?

የቲቸር_ተማሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

በ1966 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ሒሳብ ያስተማሩን ከኬረላ የመጡ ሕንዳዊ ናቸው። የዚያ ዘመን ተማሪ ያውቀዋል፤ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት አንድ ሁለት የሕንድ መምህር አይጠፋም ነበር። የኛ ቲቸር ገና ወጣት ነበሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አማርኛውን አቀላጠፉት። ክፍሉ ሲንጫጫ ጠመኔውን ከፍ አድርገው "ዝም! ቁጥር ጩኸት አይወድም" ይሉን ነበር።

አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ለብዙ ዓመት ተጠፋፋን። ከስድስት ዓመት በፊት ልጃቸውን በፌስቡክ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ በበዓል በበዓል እንደዋወላለን። አሁን 79 ዓመታቸው ነው፤ እዚያው ኬረላ፣ ኮቺ ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። መርሳት ጀምረዋል።

ባለፈው ወር ልጃቸው የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አባቷ ማታ ማታ የሆነ ነገር ይላሉ። የአገራቸው ቋንቋ ማላያላም አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም። ምናልባት ታውቀው እንደሆነ ስማው አለችኝ። ከፈትኩት። ቲቸር ናቸው። ድምፃቸው ሳስቷል። "ሰባት ሲባዛ በስምንት? … ሃምሳ ስድስት። ጎበዝ። ቁጭ በል።" መኪናዬን ዳር አቁሜ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። አሜሪካ የሚኖረው ወንድ ልጃቸው ምራቅ ተቀብሎ ጂን የሚያነብ ድርጅት ጋ ናሙናቸውን ልኮ ነበር። ውጤቱ "አፖኢ4 አንድ ቅጂ አለ" ይላል፤ ከአልዛይመር፣ ከመርሳት በሽታው፣ ጋር የሚያያዝ ጂን ነው አሉ። ልጁ ያንኑ ፋይል ወስዶ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ጫነው። እዚያ ደግሞ ብዙ ጂኖች ተደምረው በቀይ ቀለም "ከፍተኛ አደጋ" የሚል ቁጥር ወጣ። ቤተሰቡ ተረብሿል። ሴት ልጃቸው "እኔም ልመርመር?" ትለኛለች። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ቁጥር አውቃለሁ፣ ጂን አላውቅም። ያ ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

ሳባ_ነርስ

ጋሼ፣ መጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርልን። መልእክቱን ሳነበው ሆዴ ተላወሰ።

ሜሪላንድ ነው የምሠራው፤ አረጋውያን ቤት ለቤት ከመንከባከብ ጀምሬ አሁን ነርስ ነኝ። ሕንዶችም ፓኪስታኖችም ብዙ አጋጥመውኛል። የጂኑን ነገር ለሚያውቁት ልተወውና ሌላ ነገር ልጠይቅ። ደማቸው ታይቷል? ቲቸር ሥጋ ይበላሉ?

የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥጋና እንቁላል የማይነካ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ በደቡብ እስያ አረጋውያን ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ስኳር ስላለባቸው ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚውጡም እንደዚያው። ቢ12 ሲያንስ ሰው ይረሳል፣ ይደነጋገራል፣ እግሩ ይደነዝዛል። ቤተሰብ "ጃጁ" ብሎ ይተዋቸዋል። በመርፌ ወይም በክኒን የሚሻሻል ነገር ነው እኮ! የእንቅርት ሆርሞንም መታየት አለበት። ድብርትም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጆሮ። አንድ አዛውንት እመላለስባቸው ነበር፣ ሁሉም "ምንም አያስታውሱም" ይላል። ለካ ጥያቄውን አይሰሙትም።

ስኳራቸውንና ግፊታቸውንም ይጠይቋት። የደቡብ እስያ ሰው ሳይወፍር በስኳር ይያዛል። የእንግሊዝ ሐኪሞች ለነሱ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረውን መለኪያ (ቢኤምአይ) ዝቅ አድርገውታል፤ ለሌላው 25 ላይ የሚጀምረው ማስጠንቀቂያ ለነሱ 23 ላይ ይጀምራል። ስኳርና ግፊት የአንጎልን ደም ሥር ነው የሚበሉት።

ዮናስ_ዘሐይደራባድ

ጋሼ፣ ማስተርሴን በባዮቴክኖሎጂ የሠራሁት ሕንድ፣ ሐይደራባድ ነው፤ ይሄ ጉዳይ ልቤ ላይ ያለ ነው። ሁለቱን ውጤቶች ለየብቻ ልይልዎት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ ናቸው።

አፖኢ 19ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ጂን ነው። የሚሠራው ፕሮቲን አንጎል ውስጥ ስብና ኮሌስትሮል ያጓጉዛል። ሦስት ዓይነት መልክ አለው፦ 2፣ 3 እና 4። ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ እንወርሳለን። አብዛኛው ሰው 3 ነው። 4ኛው ከአልዛይመር ጋር እንደሚያያዝ የታወቀው በ1993 ነው። 4 ያለበት አንጎል አሚሎይድ የሚባለውን ቆሻሻ ጠርጎ ማውጣት ይከብደዋል። በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች አንድ ቅጂ ያለው ሰው አደጋው ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ቅጂ ከሆነ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ይባላል። ቲቸር ያላቸው አንድ ነው። አንድ ይዘው ዘጠናን የሚደፍኑ ሞልተዋል። ምንም ሳይኖራቸው የሚታመሙም ሞልተዋል።

ሕንድ ውስጥስ? ከዴልሂ በስተደቡብ ባላብጋር የሚባል አካባቢ አለ። በ1990ዎቹ እዚያ ገጠር ያሉ አረጋውያን ከአሜሪካ ፔንሲልቬንያ አረጋውያን ጋር ተነጻጽረው ተጠኑ። ባላብጋር ላይ አልዛይመር በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኘ። አፖኢ4ም እዚያ አነስ ይል ነበር፤ ከጂኑ ቅጂዎች ከመቶ 7 ገደማ፣ ፔንሲልቬንያ ላይ 11። ግን 4ቱ ያለበት ሰው ላይ በጂኑና በበሽታው መካከል ያለው ትስስር ሁለቱም ቦታ ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ውጤት ውሸት ነው ብለን አንጥለውም። ለሕንድም ትርጉም አለው።

ሁለተኛው፣ ያ በቀይ የተጻፈው፣ ሌላ ታሪክ ነው። እሱ የብዙ ጂኖች ድምር ነው። እያንዳንዱ ጂን ትንሽ ክብደት ይሰጠውና ይደመራል። ክብደቱ የተሰላው ከማን ነው? በ2019 የወጣ ቆጠራ እንዳሳየው እንዲህ ባሉ ትልልቅ የጂን ጥናቶች ውስጥ ከገቡት ሰዎች ከመቶ 79 ያህሉ የአውሮፓ ዝርያ ናቸው። በነሱ የተሰፋ ልብስ ለሌላው አይገጥምም። ደቡብ እስያ ላይ ሲለካ ትክክለኛነቱ ይወርዳል፤ አፍሪካ ላይ ከዚያም ይብሳል።

የቲቸር_ተማሪ

ልጄ ዮናስ፣ ተባረክ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ጂን ጂን ነው። በሽታውን የሚያመጣው ነገር ኮቺም ሆነ ለንደን ያው አይደለም?

ዮናስ_ዘሐይደራባድ

ጥሩ ጥያቄ ነው ጋሼ። በሒሳብ ቋንቋ ልሞክረው።

ጥናቶቹ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት በሽታውን የሚያመጣውን የጂን ፊደል ራሱን አይደለም፤ አጠገቡ ያለ ምልክት ነው የሚያገኙት። ጎረቤቱን ነው በሉት። አውሮፓ ውስጥ ምልክቱና ጥፋተኛው ሁልጊዜ አብረው ይወረሱ ይሆናል። ሕንድ ውስጥ ግን የዘር ሐረጉ ሌላ ነው። ምልክቱ አለ፣ ጥፋተኛው የለም። ወይም ጥፋተኛው አለ፣ ምልክቱ የለም። ድምሩ ያኔ ይበላሻል።

ሕንድ ደግሞ አንድ ሕዝብ አይደለችም። ሰዉ በየማኅበረሰቡ ውስጥ ብቻ እየተጋባ ሺህ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቷል። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የራሱ ብርቅ የጂን ለውጥ አለው። ተምሬ በነበረበት አካባቢ ቫይሽያ የሚባሉ ማኅበረሰብ አሉ። ከነሱ መካከል ለቀዶ ሕክምና ጡንቻ የሚያዝናና መድኃኒት ሲሰጣቸው ጡንቻቸው ከሌላው ሰው በጣም ዘግይቶ የሚመለስላቸው አሉ፤ መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በዘር ስለሚጎድላቸው ነው። እዚያ ሰመመን የሚሰጡ ሐኪሞች ማኅበረሰቡን ጠይቀው ይጠነቀቃሉ። ይሄን የአውሮፓ ዳታ አይነግርዎትም።

ደስ የሚለው ነገር ሕንድ የራሷን መረጃ መሰብሰብ ጀምራለች። ላሲ የሚባል ዕድሜያቸው ከ45 በላይ የሆኑ ከ70,000 በላይ ሰዎችን የሚከታተል አገር አቀፍ ጥናት አለ። ከነሱ ውስጥ 60 ዓመት ያለፋቸውን 4,096 ሰዎች መርጠው ላሲ-ዳድ በሚባል ጥናት ረዘም ያለ የማስታወስ ፈተና ፈተኗቸው፤ ደምም ወሰዱ። የቅርብ ዘመድንም ያነጋግራሉ፤ "ገበያ ብቻቸውን ይሄዳሉ? ገንዘብ ይቆጥራሉ?" እያሉ። በዚያ መሠረት ሕንድ ውስጥ 60 ካለፋቸው ከመቶ 7.4 ያህሉ፣ ማለትም 8.8 ሚሊዮን ሰው፣ የመርሳት በሽታ አለበት ተብሎ ተገምቷል። ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ገጠርም ላይ ይበዛል። ከ2,700 በላይ ሰዎች ሙሉ ጂናቸው ተነቧል። ለቲቸር የሚመጥን መለኪያ የሚወጣው ከዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

ፀዳለ_ከስቶክሆልም

ሳላስበው ገባሁ፤ ስለ ፈተናው ስትሉ መያዝ አቃተኝ።

እናቴ 81 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ለመርሳት ምርመራ ወሰድኳት። አስተርጓሚው በስልክ ነው። ሐኪሟ ወረቀት ሰጠቻትና ሰዓት እንድትስል ነገረቻት። "አስራ አንድ ሰዓት ከአስር አድርጊው" አላት አስተርጓሚው። እናቴ እርሳሱን ይዛ ትንሽ አሰበች። አጭሩን ዘንግ 5 ላይ፣ ረጅሙን 2 ላይ አደረገችው። እንደኛ አቆጣጠር ቁልጭ ያለ አስራ አንድ ከአስር ነው! ሐኪሟ ግን ስሕተት ብላ አለፈችው። ዓመቱን ስትጠየቅ 2016 አለች። ያም ስሕተት። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ "አትናገሪ" ተብያለሁ። ስንወጣ "ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ።

ጂኑን ትተን ይሄን እንኳ በትክክል ካልለካን፣ ያንን ጂን ከምን ጋር ነው የምናነጻጽረው?

ዮናስ_ዘሐይደራባድ

ፀዳለ እህቴ፣ ነጥቡ ይሄ ነው። "ይህ ጂን ማስታወስን ይቀንሳል" ለማለት ማስታወሱ በትክክል መለካት አለበት። ፈተናው ትምህርት ቤት መግባትን የሚለካ ከሆነ ጂኑ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል፤ ወይም ጥፋቱ ይሸፈናል።

ባላብጋር ላይ ይሄ ገብቷቸዋል። አብዛኞቹ አረጋውያን ማንበብ አይችሉም። "አረፍተ ነገር ጻፉ" የሚለውን አውጥተው "ስለ ቤትዎ አንድ ነገር ይንገሩኝ" አደረጉት። ጽሑፍ አንብቦ ዓይን መጨፈን የሚለውን "ፊቴን እዩና እኔ የማደርገውን አድርጉ" ብለው ቀየሩት። እንግሊዝኛ ምላስ የሚያስተሳስረውን ሐረግ ደግሞ "ይሄም አይደለም፣ ያም አይደለም" በሚል ሂንዲ ተኩት። በ1995 የታተመ ሥራ ነው፤ ላሲ-ዳድም ዛሬ በዚያ ይጠቀማል።

ለእናትሽ በድጋሚ እንዲታዩ ጠይቂ። የተሳለውን ሰዓት በፎቶ ያዥውና አብራሪላቸው።

ለቲቸር ደግሞ ዕድል አለ። እዚያው ኬረላ፣ ትሪቫንድረም ያሉ ሐኪሞች አደንብሩክ የሚባለውን የማስታወስ ፈተና በማላያላም አዘጋጅተውታል። በቋንቋቸው ይፈተኑ።

አጥናፉ_ቢ

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን ትንሽ ልጠራጠር። ጋሼ የቲቸርን በአማርኛ መቁጠር ሲያነሱ አንዳንድ ሰው "ብዙ ቋንቋ ያወቀ አይረሳም" ወደሚለው ይሄዳል። ሰው በከንቱ ተስፋ እንዲያደርግ አልፈልግም።

ዮናስ_ዘሐይደራባድ

ልክ ነህ፣ መጠንቀቅ ጥሩ ነው። ጥናቱ ግን ከኔ ከተማ ስለሆነ ልንገርህ። በ2013 የታተመ ነው። ሐይደራባድ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የመርሳት በሽታ ያለባቸው 648 ሰዎች ታዩ። ሁለትና ከዚያ በላይ ቋንቋ የሚናገሩት በሽታው የጀመራቸው አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁት በአማካይ 4.5 ዓመት ዘግይቶ ነው። ትምህርት ቤት ያልገቡት ላይ እንኳ ልዩነቱ ታየ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሌላ ቦታ "ቋንቋ የሚያውቀው የተማረው ወይም ስደተኛው ስለሆነ ነው" ይባል ነበር። ሐይደራባድ ውስጥ ግን ሁሉም የአገሩ ሰው ነው። ከሰፈራችን ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ፊደል አትለይም። ለኔ በሂንዲ፣ ለጎረቤቴ በኡርዱ፣ ለልጇ በቴሉጉ ታወራለች፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ።

አጥናፉ_ቢ

ገባኝ። ግን እነዚህ ሆስፒታል የመጡ ሰዎች ናቸው። ቤት የቀረው አልተቆጠረም። ሰዎችን ከጤናማ ጊዜያቸው ጀምረው ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ደግሞ ይህን ያህል ልዩነት ያላዩም አሉ።

ዮናስ_ዘሐይደራባድ

እውነት ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርህም። የዘገየ ማለትም የቀረ ማለት አይደለም። ቲቸር ሦስት ቋንቋ ያውቃሉ፤ ታመሙም።

የቲቸር_ተማሪ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ ተከባብሮ መከራከር ደስ ይላል። የሴት ልጃቸው ጥያቄ ግን ቀርቷል። ትመርመር?

ሳባ_ነርስ

ጋሼ፣ ይሄ የሷ ውሳኔ ነው፤ የወንድሟም የኛም አይደለም። ግን ከመመርመሯ በፊት ትወቅ የምላቸው ነገሮች አሉ።

አባቷ አንድ 4 ስላላቸው ወደሷ የመተላለፉ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ቢተላለፍም ታመመች ማለት አይደለም፤ ዛሬ በውጤቱ ምክንያት የሚሰጣት ክኒን የለም። አሚሎይድ የሚያጸዱት አዲሶቹ መድኃኒቶች በሽታው ገና ሲጀምር ላለባቸው ናቸው። እዚያ ላይ ግን የአባትየው ውጤት ያስፈልጋል፤ 4 ያለበት ሰው፣ በተለይ ሁለት ያለው፣ በነዚህ መድኃኒቶች አንጎሉ የማበጥና የመድማት አደጋው ከፍ ይላል።

ሌላው፣ ማወቅ ራሱ ሸክም አለው። በፈረንጅ 2014 የወጣ ጥናት ሁሌ እጠቅሳለሁ። 4 ያለባቸው አረጋውያን ነበሩ፤ ገሚሶቹ ውጤታቸውን ያውቃሉ፣ ገሚሶቹ አያውቁም። ጂናቸው አንድ ነው። የሚያውቁት ራሳቸውን "ማስታወሴ ደክሟል" ብለው ገመቱ፤ በፈተናውም ካላወቁት ያነሰ አመጡ። በምክር ታግዘው የሰሙ ሰዎች ግን አብዛኞቹ ሳይሸበሩ እንደሚይዙት የሚያሳይ ጥናትም አለ። ስለዚህ ከፈለገች የጂን አማካሪ አጠገቧ ይኑር። ማታ አልጋ ላይ ሆና ስልክ ላይ አትክፈተው።

ወንድምየው አሜሪካ ስላለ ለሱም ልንገረው። እዚህ በፈረንጅ 2008 የወጣ ሕግ የጤና ኢንሹራንስና ቀጣሪ በጂን ውጤት እንዳያገሉህ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይነካም። እኔ ብሆን የአባቴን ፋይል ወደማላውቀው ድረ ገጽ አልጭንም ነበር። የአባት ፋይል ግማሹ የእህትም ነው፤ ጠይቋታል?

ሜሮን_አዲስ

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እኛስ? የሐበሻ ጂን ላይ ይሄ አፖኢ4 ምን ያደርጋል?

ዮናስ_ዘሐይደራባድ

ሜሮን፣ አፍሪካ ላይ በሰፊው ከተጠኑት አንዱ የናይጄሪያ ኢባዳን ነው። እዚያ ዮሩባ አረጋውያን ላይ አንድ 4 መያዝ እንደ አውሮፓ ጎልቶ አልታየም። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ከጂኑ አጠገብ ያለው አካባቢ ጉዳቱን እንደሚያለዝበው የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። የኛ ሕዝብ ደግሞ የራሱ የተቀላቀለ ታሪክ አለው፤ ከዮሩባ ወስደን ለሐበሻ አንለጥፍም። ከአውሮፓ ወስደን ለኬረላ መለጠፍ ያመጣውን አይተናል።

የቲቸር_ተማሪ

እንደምን ሰነበታችሁ። አምስት ሳምንት ሆነኝ ከጠፋሁ። የተከታተላችሁ ካላችሁ ወሬው ይኸው።

ልጃቸው የጻፋችሁትን ሁሉ በእንግሊዝኛ አሳጥሬ ልኬላት ሐኪም ዘንድ ይዛቸው ሄደች። ሳባ፣ ቢ12 አንሶ ተገኘ። መርፌ ጀመሩ። የቀኝ ጆሯቸው ከፍቷል፤ መስሚያ ተገዛላቸው። በማላያላም ተፈተኑ። ሐኪሙ ግን ቢ12ቱ ብቻ አይደለም ብሏታል። አልዛይመር ሳይሆን አይቀርም፣ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው አላት። አልደብቃችሁም፣ ተስፋ አድርጌ ነበር። ስለ ቀዩ ቁጥር ስትጠይቀው ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት፤ ለሕክምናው የሚጨምርልን ነገር የለም ብሎ። የአፖኢውን ግን መዝገባቸው ላይ አስፍሮታል። እሷ ለጊዜው ላለመመርመር ወስናለች። ወንድሟም ፋይሉ ከድረ ገጹ እንዲጠፋለት ጽፏል።

ባለፈው እሁድ አራት ሆነን በቪዲዮ ደወልንላቸው። ሁለታችን ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከባሕር ዳር፣ አንዷ ከዳላስ። መጀመሪያ ማናችንንም አልለዩም። ልጃቸው መስሚያውን አስተካከለችላቸው። ከባሕር ዳር ያለው ጓደኛችን "ሰባት ሲባዛ በስምንት?" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቲቸር ቀና አሉ። ጣታቸውን ጠመኔ እንደያዘ ሰው አነሱ። "አንተ አይደለህም የምትጠይቀው" አሉ በአማርኛ። "እኔ ነኝ።" ከዚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማባዣ ጠየቁን። የዘጠኝን ላይ ሲደርሱ ደከማቸው።

በየእሁዱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንቀጥላለን፤ በነሱ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በ1965ና በ66 ደብረ ማርቆስ የተማራችሁ፣ ቲቸርን የምታስታውሱ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማባዣችሁን አጥንታችሁ ኑ።